የፋይል ዝርዝርን መደበቅ ምን ይጠብቃል?

ሶፍትዌር ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ዓይነት ገጽ ሳያጋጥመው አይቀርም። ሥዕል የለውም፤ ጌጥ የለውም። በነጭ መደብ ላይ «ኢንዴክስ ኦፍ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም የፋይሎች ስም፣ የተሻሻሉበት ቀንና መጠናቸው በሰልፍ ተደርድረው ይታያሉ። ከዝርዝሩ አናት ወደ ላይኛው ዳይሬክተሪ የሚመልስ አንድ መስመር አለ። ይህን ገጽ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አልጻፈውም፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ዲስኩን ተመልክቶ በቅጽበት የሚያዘጋጀው ነው። በሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ ተመሳሳይ አድራሻ ስንጠይቅ በዝርዝሩ ፈንታ 403 የሚል ቁጥርና «አይፈቀድም» የሚል አጭር መልስ ይመጣል። ፋይሉን በሙሉ ስሙ ብንጠይቅ ግን ያለ ምንም ማንገራገር ይሰጠናል።

ፋይሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ የፋይሎቹን ዝርዝር ብቻ መደበቅ ምን ትርጉም አለው? ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ከሥሩ ያለው ጉዳይ ግን ሰፊ ነው፤ አንድን ነገር ማግኘትና የዚያን ነገር መኖር ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍሎች ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ተማሪዎችም ይህን ውሳኔ አንድ ቀን ራሳቸው መወሰናቸው ስለማይቀር ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም መዘርዘርና ስም መፈለግ

በዩኒክስና ሊኑክስን ጨምሮ የእርሱን ፈለግ በተከተሉት ሥርዓቶች ዳይሬክተሪ የሚባለው ነገር ፋይሎች የታጨቁበት ሣጥን አይደለም። ሁለት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዓምድ የፋይሉ ስም፣ በሌላው ደግሞ ፋይሉ በዲስኩ ላይ የተመዘገበበት፣ አይኖድ የሚባለው መለያ ቁጥር ይገኛል። የፋይሉ ይዘት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሥራት ይቻላል። አንደኛው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው። ሁለተኛው አንድ ስም ይዞ መጥቶ «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የዩኒክስ ፈጣሪዎች ለሁለቱ ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች መድበዋል፤ ለመጀመሪያው የማንበብ ፈቃድ፣ ለሁለተኛው ደግሞ የማለፍ ፈቃድ።

በመርካቶ አንዳንድ ሱቆች ፊት ለፊት የሚታየው ዕቃ ጥቂት ነው። ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ በስሙና በቁጥሩ ከጠራ ልጁ ሮጦ ከጓዳ ያመጣለታል። «እስቲ ጓዳውን ልየው» ቢል ግን የሚፈቅድለት የለም። የማለፍ ፈቃድ ኖሮት የማንበብ ፈቃድ የሌለው ዳይሬክተሪ ልክ እንደዚህ ሱቅ ነው።

ሊኑክስ የጫነ ተማሪ ይህን በሁለት ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል። በተራ ተጠቃሚ ስም ይግባ፤ ሩት በሚባለው የአስተዳዳሪው ስም ከገባ ፈቃዶቹ አያግዱትምና ሙከራው ምንም አያሳየውም። አንድ ዳይሬክተሪ ይፍጠር፣ በውስጡ አጭር ጽሑፍ ያለበት ፋይል ያስቀምጥ፣ ከዚያም የዳይሬክተሪውን ፈቃድ ሲኤችሞድ በሚባለው ትእዛዝ 311 ያድርገው። አሁን ዝርዝሩን ሲጠይቅ ፈቃድ እንደሌለው ይነገረዋል፤ ፋይሉን በስሙ ሲጠይቅ ግን ይነበብለታል። 3 ቁጥር የ1 እና የ2 ድምር ነው፤ 1 ማለፍን፣ 2 መጻፍን ይወክላል። የጎደለው 4 ነው፤ እርሱም ማንበብ ነው።

የዌብ ሰርቨሮች ይህንኑ ልዩነት በራሳቸው መንገድ ይደግሙታል። ከ1995 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለው አፓቺ የዳይሬክተሪ አድራሻ ሲጠየቅ አስቀድሞ «ኢንዴክስ» የሚል ስም ያለው የተዘጋጀ ገጽ ይፈልጋል። ካገኘ ያንን ይሰጣል። ካላገኘና አስተዳዳሪው ከፈቀደለት ዝርዝሩን ራሱ ይሠራል፤ ካልፈቀደለት 403 ይመልሳል። ኤንጂንኤክስ የተባለው ሌላው ታዋቂ ሰርቨር ደግሞ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር ዝርዝር አይሠራም። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር ልብ ይሏል፤ 403 «አለ፣ ግን አይፈቀድልህም» ማለት ሲሆን 404 ደግሞ «የለም» ማለት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን የከለከለ ሰርቨር በክልከላው ራሱ ዳይሬክተሪው መኖሩን ይነግረናል። ይህንንም መናገር ያልፈለጉ አስተዳዳሪዎች ለሁለቱም ጥያቄ 404 እንዲመለስ ያደርጋሉ።

ዝርዝሩ ሀብት የነበረበት ዘመን

ፋይል በኔትወርክ የሚተላለፍበት ኤፍቲፒ የተባለው ደንብ የመጀመሪያ መልኩን ያገኘው በ1971 ሲሆን ያዘጋጀውም አብሃይ ቡሻን ነው። ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ገና ሃያ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ከጊዜ በኋላ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለማንም እንግዳ ክፍት የሆነ የኤፍቲፒ አገልግሎት ሰጡ። እንግዳው ስሙን ሲጠየቅ «አኖኒመስ» ይላል፤ በይለፍ ቃሉ ቦታ ለጨዋነት ያህል የኢሜይል አድራሻውን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ከዳይሬክተሪ ወደ ዳይሬክተሪ እየተዘዋወረ ያለውን ይመለከታል። የመፈለጊያ ሞተር አልነበረምና ያለው አማራጭ ይህ ብቻ ነበር።

በ1990 በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የባርባዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ አርቺ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። አርቺ የየኤፍቲፒ ሰርቨሩን ዝርዝር በየጊዜው እየሰበሰበ በአንድ ቦታ እንዲፈለግ ያደረገ ሲሆን የኢንተርኔት የመጀመሪያው መፈለጊያ ሞተር ተብሎ ይጠቀሳል። የፋይሎችን ይዘት አያነብም ነበር፤ የሚያውቀው ስማቸውን ብቻ ነው። ሰርቨሮቹ ዝርዝራቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ አርቺ የሚሰበስበው ነገር ባልነበረ።

ዝርዝር ሰውን ካላሰበው ነገር ጋር ያገናኛል። የፊዚክስና የሒሳብ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሁሉ የሚያውቁት የቴክ የጽሕፈት ሥርዓት ሲታን የሚባል ማኅደር አለው። በማኅደሩ ውስጥ «ላንጉጅ» የሚለውን ዳይሬክተሪ የከፈተ ሰው የቋንቋዎቹን ሰልፍ ወደ ታች ሲመለከት «ኢትዮፒያ» የሚል ስም ያገኛል፤ በውስጡም በላቴክ አማርኛ ለመጻፍ የሚያስችል «ኢትዮፕ» የተባለ ፓኬጅ አለ። እንዲህ ያለ ፓኬጅ መኖሩን የማያውቅ ሰው በስሙ ሊጠራው አይችልም። በመርካቶው ሱቅ ምሳሌ ብንሄድ ስሙን ያልሰማነውን ዕቃ የምናገኘው ጓዳውን ስናይ ብቻ ነው።

ለተመራማሪ ሌላም ጥቅም አለው። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ክራን የሚባለው ማኅደሩ የፓኬጆችን አሮጌ እትሞች «አርካይቭ» በሚል ዳይሬክተሪ ያቆያል። ከአሥር ዓመት በፊት የታተመን ስሌት መድገም የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ያገለገለው እትም እንጂ የዛሬው አይደለም። የትኞቹ እትሞች እንደነበሩና መቼ እንደወጡ የሚያየው ደግሞ ከዝርዝሩ ላይ ነው። ዝርዝሩ ሲዘጋ ፋይሉ በቦታው ቢኖርም እንኳ ለዚህ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ስለ ዝርዝር መዝጋት በሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ተጎጂ ነው።

እንዲህ ከጠቀመ ታዲያ መዝጋቱ ለምን መጣ? ትልቁ ምክንያት የተረሱ ፋይሎች ናቸው። አስተዳዳሪው ለጥቂት ደቂቃ ብሎ ያስቀመጠው የመረጃ ቋት ቅጂ፣ የይለፍ ቃል የተጻፈበት የማስተካከያ ፋይል፣ የደንበኞች መዝገብ በዳይሬክተሪው ውስጥ ይቀራል፤ ዝርዝሩ ያሳየዋል፤ መፈለጊያ ሞተሩም ይመዘግበዋል። ጆኒ ሎንግ የተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪ ከ2002 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፋይሎች በጉግል የሚገኙባቸውን የፍለጋ ቃላት ሰብስቦ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ «ኢንዴክስ ኦፍ» የሚለው ርእስ ከዋነኞቹ መፈለጊያዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝርዝርን መዝጋት በደኅንነት መመሪያዎች ሁሉ የሚገኝ ምክር ሆኗል። ለአንድ ድርጅት ድረ ገጽ ምክሩ ትክክል ነው። ሁሉም ነገር ለሕዝብ እንዲሰጥ ታስቦ ለተቀመጠበት የሶፍትዌር ማውረጃ ሰርቨርም ሳይመረመር መተግበሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አውራጁ ፕሮግራም ዝርዝሩን አይጠይቅም

በኢያን መርዶክ በ1993 የተመሠረተውን ደቢያንን እንውሰድ። በ2023 የወጣው የደቢያን 12ኛ እትም 64,419 ፓኬጆች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል ፎንት ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለበት ቦታ «ፑል» በሚባለው ዳይሬክተሪ ሥር፣ «ሜይን» ውስጥ፣ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል በኤፍ ሥር፣ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ስም ነው። ዳይሬክተሪዎቹ በመጀመሪያ ፊደል የተከፋፈሉት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ስሞች በአንድ ሠንጠረዥ እንዳይከማቹ ነው። «ሊብ» ብለው የሚጀምሩት እጅግ ስለሚበዙ ለእነርሱ ተከታዩ ፊደል ተጨምሮበት እንደገና ተከፋፍለዋል።

ተጠቃሚው ፎንቱን ጫንልኝ ሲል አፕት የተባለው ፕሮግራም ዳይሬክተሪዎቹን እየከፈተ አይፈልግም። አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ አድራሻ ብቻ ይጠይቃል፤ በዚያም «ኢንሪሊዝ» የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። ፋይሉ በደቢያን ዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ነው፤ ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ ተቀምጧል። «ኢንሪሊዝ» በውስጡ የያዘው የሌሎች ፋይሎችን ስም፣ መጠንና ሀሽ የሚባለውን የቁጥር አሻራ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ፓኬጅስ» የተባለው ሲሆን በእርሱ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ ስም፣ የእትም ቁጥር፣ ትክክለኛ አድራሻና 256 ቢት ርዝመት ያለው አሻራ ተጽፏል። አፕት አሻራውን ከፊርማው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያመሳከረ ወርዶ በመጨረሻ ፓኬጁን በሙሉ ስሙ ይጠይቃል። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱም የዳይሬክተሪ ዝርዝር አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አስተዳዳሪው ዝርዝሩን ቢዘጋ አፕት ምንም አይሰማውም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩን መዝጋቱ ከማንም የሚደብቀው ነገር የለም፤ «ፓኬጅስ» ራሱ በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ፓኬጆች የሚዘረዝር፣ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ ነውና። ይህም አንሶ ደቢያን በሰርቨሩ አናት ላይ የዳይሬክተሪዎቹን ዝርዝር በሙሉ በአንድ የታመቀ ፋይል ያስቀምጣል። የዚህ ዓይነት ማኅደር ዝርዝሩን የሚዘጋ ሰው የፊት በሩን ቆልፎ የቤቱን ካርታ በመስኮት የሚያድል ሰው ይመስላል።

የሚጎዱት ሌሎች ናቸው። ለደቢያን ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ፈቃደኞች ዩስካን የተባለ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው የሶፍትዌሩ ደራሲዎች ፋይል የሚያስቀምጡበትን የዳይሬክተሪ ገጽ እያነበበ አዲስ እትም መውጣቱን ይነግራቸዋል። ገጹ ሲዘጋ ዩስካን ዓይኑ ይጠፋል፤ የደኅንነት ማስተካከያ የያዘ አዲስ እትም ቢወጣም ወሬው ለተጠቃሚው የሚደርሰው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

መገመት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ዝርዝሩ ተዘግቶም የፋይሉን ስም መገመት ይቻል እንደሆነ በስሌት እንየው። የፓኬጅ ስሞች ሥርዓት አላቸው፤ ስም፣ የእትም ቁጥር፣ የኮምፒዩተሩ ዓይነት። ስሙና የኮምፒዩተሩ ዓይነት ይታወቃሉ እንበል። የእትሙ ቁጥር ሦስት ክፍሎች ኖረውት እያንዳንዱ ከ20 አማራጮች አንዱ ቢሆን፣ የማሸጊያው ቁጥር ደግሞ 10 አማራጭ ቢኖረው፣ ጠቅላላው 20×20×20×10 ወይም 80,000 ነው። በሴኮንድ 100 ጥያቄ የሚልክ ተራ ፕሮግራም ሁሉንም ለመሞከር 800 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ይህም ከ14 ደቂቃ ያነሰ ነው። በመረጃ ንድፈ ሐሳብ ቋንቋ ይህ ምስጢር ወደ 16 ቢት ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስሙ በዕጣ የተመረጠ የ128 ቢት ቁጥር ይሁን። አማራጮቹ ወደ 3.4×10³⁸ ይሆናሉ። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ መሞከር ቢቻል እንኳ ሁሉን ለመጨረስ 3.4×10²⁹ ሴኮንድ ይፈጃል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ወይም 4.35×10¹⁷ ሴኮንድ ያህል ስለሆነ ሥራው ይህ ዕድሜ ወደ 780 ቢሊዮን ጊዜ እንዲደጋገም ይጠይቃል። ግምቱ በአማካይ ግማሽ መንገድ ላይ ይሳካል ብንል እንኳ ነገሩን አይለውጠውም። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በስሙ ውስጥ ባለው ዕጣ ላይ ነው እንጂ በዝርዝሩ መዘጋት ላይ አይደለም። ኦገስት ኬርክሆፍስ በ1883 ስለ ወታደራዊ ምስጢር አጻጻፍ ሲያስተምር የሥርዓቱ አሠራር በጠላት እጅ ቢወድቅ ችግር ሊያመጣ አይገባም፣ ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበት ቁልፉ ነው ያለው ከዚሁ ጋር ይገናኛል። የሚገመት ስም ቁልፍ ሊሆን አይችልም።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በ2002 ኢንቴንሺያ የተባለው የስዊድን የሶፍትዌር ኩባንያ የሩብ ዓመት ውጤቱን ይፋ ከማድረጉ በፊት በሰርቨሩ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ወደ ገጹ የሚያመራ ማያያዣ ግን አልነበረም። የሮይተርስ የዜና ወኪል አድራሻውን አግኝቶ ውጤቱን ዘገበ፤ ኩባንያውም ሮይተርስን ለፖሊስ ከሰሰ። ከዚህ የከፋው በ2018 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር የደረሰው ነው። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ዜጎች በመረጃ ነፃነት ሕግ የጠየቋቸውን ሰነዶች በተከታታይ ቁጥር ስም በድረ ገጹ አስቀምጦ ነበር። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ቁጥሩን አንድ በአንድ የሚጨምር ፕሮግራም ጽፎ ወደ 7,000 ገደማ ሰነዶች አወረደ። ከእነዚህ መካከል የግለሰቦችን መረጃ የያዙና ለሕዝብ ያልታሰቡ ነበሩበት። ፖሊስ የወጣቱን ቤት ፈተሸ፣ እርሱም ተያዘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክሱ ተነሣ። ማንም ሰው የይለፍ ቃል አልሰበረም፤ ሰርቨሩ በስም ለተጠየቀው ሁሉ «እነሆ» ብሎ ሰጥቷል። የዝርዝር አለመኖርን እንደ ክልከላ የቆጠረው አስተዳዳሪው ብቻ ነበር፤ ዋጋውን ሊከፍል የነበረው ግን ወጣቱ ነው።

መዝጋት የሚገባበት ቦታ

ከላይ ያልኩት ዝርዝር መዝጋት ሁልጊዜ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ብዙ የኤፍቲፒ ሰርቨሮች እንግዶች ፋይል የሚያስገቡበት «ኢንካሚንግ» የተባለ ዳይሬክተሪ ነበራቸው። ወዲያውም የተሰረቀ ሶፍትዌር የሚለዋወጡ ሰዎች መናኸሪያ አደረጉት፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ዝርዝሩን አይቶ ይወስዳል፣ የዩኒቨርሲቲው መስመር ይጨናነቃል። መፍትሔው ያው ቀደም ሲል ያየነው የፈቃድ አከፋፈል ነበር። የመጻፍና የማለፍ ፈቃድ ተሰጥቶ የማንበብ ፈቃድ ሲነሣ ዳይሬክተሪው እንደ ፖስታ ሣጥን ሆነ፤ ደብዳቤ ይገባል እንጂ ከውጭ አይታይም። ጥንቁቆቹ አስተዳዳሪዎች በዚህ ሳይወሰኑ የገባው ፋይል እነርሱ ሳያዩት በስሙም ቢሆን እንዳይወሰድ አደረጉ።

ሌላው ጊዜን የሚመለከት ነው። አንድ ትልቅ ሶፍትዌር ይፋ በሚሆንበት ቀን ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ ፋይሎቹ አስቀድመው በዓለም ዙሪያ ወደተበተኑት፣ ሚረር ወደሚባሉት የቅጂ ሰርቨሮች መድረስ አለባቸው። ይህ ደግሞ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። በዚህ መካከል ዝርዝሩን ያየ ሰው ዜናውን ያሰራጨዋል። በ2006 የፋየርፎክስ 2 ፋይሎች ይፋ ከመሆናቸው አስቀድሞ በሞዚላ ሰርቨር ላይ ታይተው ማያያዣዎቹ በየዜና ገጹ መዞራቸው ይታወሳል፤ ሕዝቡ የመጣው ሚረሮቹ ሳይዘጋጁ ነው።

ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለዚህ ያበጀው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ነው። አዲሱ እትም ወደ ሚረሮቹ የሚላከው ለውጭ ሰው የማንበብም የማለፍም ፈቃድ በሌለው ዳይሬክተሪ ውስጥ ነው። ፋይሎቹ በጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸውና ተረጋግተው በየሚረሩ ይሰፍራሉ። በመውጫው ዕለት ማለዳ የሚተላለፈው የፈቃድ ለውጥ ብቻ ነው፤ እርሱም ጥቂት ቢት ነው። በዚህም የተነሣ ሥራው «ቢት ፍሊፕ» ይባላል፤ ቢቱን መገልበጥ እንደ ማለት። ልዩነቱን ልብ እንበል፤ ፌዶራ የዘጋው ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ነው፤ ስሙን የገመተ ሰውም አያልፍም። የተዘጋውም ለታወቀ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ጫና ነው። አፓቺ በሚሠራው ዝርዝር ላይ አንባቢው ፋይሎቹን በስም፣ በቀን፣ በመጠንና በመግለጫ፣ ሽቅብም ቁልቁልም መደርደር ይችላል። ለሰው ምቹ ነው። ድረ ገጾችን እየዞረ ለሚሰበስብ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ አደራደር የተለየ አድራሻ ስለሆነ አንዱ ዳይሬክተሪ ስምንት ተጨማሪ ገጽ ይወልድለታል፤ ሰርቨሩም በእያንዳንዱ ጊዜ ዲስኩን እየጠየቀ ያንኑ ዝርዝር ይደረድራል። እንዲህ ያሉ ሰብሳቢዎች፣ በተለይም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ጽሑፍ የሚያግበሰብሱት፣ በቅርብ ዓመታት እጅግ በርትተዋል። የሶፍትዌር መመሪያዎችን በነፃ የሚያስቀምጠው ሪድ ዘ ዶክስ በ2024 እንደገለጸው አንድ ሰብሳቢ ብቻ በሜይ ወር 73 ቴራባይት አውርዷል፤ በአንድ ቀን ወደ 10 ቴራባይት የደረሰበት ጊዜም ነበር። ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ግን መድኃኒቱ የፍጥነት ገደብና የመደርደሪያ ማያያዣዎቹን ማንሣት ነው፤ ዝርዝሩን ጨርሶ መዝጋት ሰብሳቢውን ወደ ሌላ በር ይመራዋል እንጂ አያስቀረውም።

በነገራችን ላይ ዝርዝር እንደ ተራ ነገር የሚታይበት ዘመንም እያለፈ ነው። ደቢያን ለሕዝብ የሚሰጠውን የኤፍቲፒ አገልግሎት በኖቬምበር 2017 አቁሟል። አማዞን በ2006 የጀመረው ኤስ3 የተባለው የማከማቻ አገልግሎት ደግሞ በመሠረቱ ዳይሬክተሪ የለውም፤ ያለው ረጅም ስምና ከስሙ ጋር የተያያዘ ይዘት ብቻ ሲሆን ፋይል የመውሰድና ስም የመዘርዘር ፈቃዶቹ በግልጽ ተለይተዋል። ሞዚላ በ2015 ማኅደሩን ወደዚህ ሲያዛውር አንባቢዎች የለመዱትን የዳይሬክተሪ ገጽ የሚሠራላቸው ፕሮግራም ለብቻው ማዘጋጀት አስፈልጎታል።

ክፍት ዝርዝርና ፊርማ

ሶፍትዌር የሚያወርድ ሰው ሊፈራው የሚገባው ዋና አደጋ እንግዳ ሰው የፋይሎቹን ስም ማየቱ አይደለም፤ ፋይሉ መለወጡ ነው። በ2003 የጂኤንዩ ፕሮጀክት ዋና የኤፍቲፒ ሰርቨር ለወራት በሰርጎ ገብ እጅ ቆይቶ እንደነበር ተደረሰበት። ሠራተኞቹ የፋይሎቹን አሻራ ከሌላ ቦታ ከተገኙ አስተማማኝ አሻራዎች ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ ማጥራት ግድ ሆነባቸው። ያን ጊዜ ያዳናቸው የፋይሎቹ ቅጂ በብዙ ሰው እጅ መኖሩ ነበር።

የ2024ቱ የኤክስዜድ ጉዳይ ደግሞ ለፊዚክስ ተማሪ ልዩ ትምህርት አለው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ፕሮግራመር በርቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበት ፕሮግራም ከተለመደው ወደ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ መዘግየቱን አስተዋለ። ሌላ ሰው ችላ ይለው ነበር፤ እርሱ ግን የመለኪያ ስሕተት አለመሆኑን አረጋግጦ መነሻውን ፈለገ። ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በሩን የሚያነቃው ቁራጭ ኮድ የነበረው ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሕዝብ በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም። ልዩነቱ ሊታወቅ የቻለው ሁለቱንም ማንም አውርዶ ማነጻጸር በመቻሉ ነው።

ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንጨርሰው። 40 ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው 500 ሜጋባይት ማሻሻያ በ10 ሜጋቢት በሴኮንድ መስመር ከውጭ ቢያወርዱ መስመሩ ለ16,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ይያዛል። በግቢው ውስጥ የራስ ሚረር ካለ ያው ማሻሻያ ከውጭ የሚመጣው አንድ ጊዜ ስለሆነ ሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሚረሩን የሚያቆመው ተማሪ የፓኬጆቹን ዳይሬክተሪዎች ከአሮጌ እትሞቻቸው ጋር ክፍት ያድርጋቸው፤ የመደርደሪያ ማያያዣዎቹን ያንሣ፤ የፊርማ ፋይሎቹን ሳይነካ እንዳሉ ይቅዳ። የተማሪዎች የቤት ሥራ መቀበያ በዚያው ማሽን ላይ ካለ የማንበብም የማለፍም ፈቃድ ለእንግዳ አይስጥ። የፈተና ጥያቄና የውጤት መዝገብ ግን ስማቸው ምንም ያህል ረጅም ቢሆን ከዚያ ሰርቨር ላይ ጨርሶ ሊቀመጡ አይገባም።